አዲስ የቤት ሽያጭ ወኪል ነኝ፤ ስልኬ አይጠራም

አዲስ_ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ስልጠናዬን ጨርሼ አንድ የሪል እስቴት ቢሮ ውስጥ በሽያጭ ወኪልነት ገብቻለሁ። ደሞዝ የለም፣ ኮሚሽን ብቻ ነው። የተሰጠኝ ወንበር፣ ቢዝነስ ካርድ እና "በርቺ!" የሚል ምርቃት ነው። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

የቢሮውን ቤቶች በየማህበራዊ ሚዲያው እለጥፋለሁ። ላይክ አለ፣ ደዋይ የለም። አልፎ አልፎ የሚደውል ቢኖርም "ስንት ነው?" ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ "እሺ መልሼ እደውላለሁ" ብሎ ይዘጋል። በዚያው ይቀራል።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። አንድም ቤት ሸጦ የማያውቅን ሰው ማን አምኖ ቤቱን ይሰጠዋል? የመጀመሪያው ደንበኛ ከየት ነው የሚመጣው? እባካችሁ "በራስሽ እመኚ" ዓይነት ምክር ይቅርብኝ፣ እሱን በስልጠናው ጠግቤያለሁ። ነገ ጠዋት ተነስቼ የምሰራውን ንገሩኝ።

ቁልፍ_ያዥ

እንኳን ደህና መጣሽ። ከደንበኛው በፊት ስለ ገንዘብ እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከዚህ ሙያ የሚወጣው ችሎታ አጥቶ ሳይሆን የወር ወጪው ቀድሞት ነው።

ኮሚሽን የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ዛሬ ደንበኛ ብታገኚ እንኳ ቤት ማሳየት አለ፣ ድርድር አለ፣ ሰነድ ማጣራት አለ፣ ገዢው በብድር ከሆነ ባንኩ ቤቱን እስኪገምትና ብድሩን እስኪያጸድቅ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ስም ማዛወር አለ። ይሄ ሁሉ ወራት ይበላል። መሃል ላይ የሚፈርሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የ6 ወር ወጪ በእጁ የሌለው ሰው ሌላ ስራውን ሳይለቅ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ገንዘብ ያጠረው ወኪል ገዢውን ያጣድፋል፣ ገዢ ደግሞ መጣደፍን ቶሎ ያውቃል።

ኮሚሽን ትርፍ አይደለም፣ ይሄንንም ያዢ። ቢሮሽ ድርሻውን ይወስዳል፣ ገዢውን ሌላ ወኪል ካመጣው ከሱ ጋር ትካፈያለሽ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ግብር አለ። የመጀመሪያው ገንዘብ ሲገባ የግብሩን ያህል ወዲያው ወደ ሌላ ሂሳብ አዙሪና እርሺው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያው ደንበኛ በአብዛኛው የሚያውቅሽ ሰው፣ ወይም የሚያውቅሽ ሰው የሚያውቀው ሰው ነው። ስልክሽ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አውጥተሽ ጻፊ። አብረሽ የተማርሽው፣ የድሮ መስሪያ ቤትሽ ሰው፣ ጸጉርሽን የምትሰራሽ ልጅ፣ ሁሉም። ከዚያ ደውዪ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት መበተን አይደለም፣ ደውዪ ነው የምልሽ። "ቤት ግዛኝ" አትበዪ። "አሁን በቤት ሽያጭ ላይ ነኝ፣ ለመሸጥም ለመግዛትም የሚያስብ ሰው ከሰማህ አስታውሰኝ" ብቻ በቂ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሰራል።

ተጠራጣሪ

ኧረ ተዉ! ዘመድ የሚባለው እኮ ከሁሉም የባሰ ደንበኛ ነው። "የኛ ልጅ አይደለሽ እንዴ፣ ኮሚሽን ደሞ ምንድነው" ይላል። ቤቱ ካልተሸጠም በየሰርጉ እና በየለቅሶው ስምሽን ሲያነሳ ይኖራል።

ቁልፍ_ያዥ

@ተጠራጣሪ እውነትህን ነው፣ ለዚህም ነው ከዘመድ ጋር ገና ከመጀመሪያው በወረቀት መዋዋል የሚሻለው። ደግሞ የፈለግነው ዘመዱ ራሱ እንዲገዛ አይደለም። ዘመዱ የሚያውቀውን ሰው እንዲያስታውስልን ነው። አንድ ሰው ቤቱን በብዙ ዓመት አንዴ ቢሸጥ ነው፣ ቤት ሊሸጥ ስላሰበ ሰው ግን በየወሩ ይሰማል።

የሰፈር_ካርታ

እኔ ከዚህ ትንሽ የተለየ ሃሳብ አለኝ። ደውዪ መባሉ ጥሩ፣ ግን የደወልሽለት ሰው "እሺ፣ እነእገሌ ሰፈር ባለ 2 መኝታ አሁን ስንት ይወጣል?" ብሎ ሲጠይቅሽ ምን ልትመልሺ ነው? "ቢሮ ጠይቄ ልንገርህ" ካልሽ አለቀ፣ ያንን ሰው አጣሽው።

ስለዚህ ጠባብ አካባቢ ምረጪ። በእግር ዞረሽ የምትጨርሺው ዓይነት። ሙሉ ከተማ "እሰራለሁ" የሚል አዲስ ወኪል የትም አይሰራም። እዚያች አካባቢ ውስጥ ለሽያጭ የወጣውን ቤት ሁሉ እዪ፣ የሌላ ወኪልም ቢሆን አስፈቅደሽ ግቢ። ስፋቱን፣ ፎቁን፣ ዕድሜውን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ፣ መኪና ማቆሚያው ለስንት ቤት እንደሚበቃ፣ የጋራ ህንጻ ከሆነ ወርሃዊ መዋጮው ስንት እንደሆነ ጻፊ። ማታም ሄደሽ እዪው፣ ቀን ጸጥ ያለ መንገድ ማታ ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ ሁለት ዋጋ ለያይተሽ መዝግቢ፦ የተጠየቀበትን እና የተሸጠበትን። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው። የተሸጠበት ዋጋ ነው ገበያው። ይሄንን ለጥቂት ወራት ብትሰሪ በር ላይ ቆመሽ ግምት መናገር ትጀምሪያለሽ፣ ብዙ ዓመት የሰሩ ሆነው ይሄ የሌላቸው ሞልተዋል። "ማን ያምነኛል" ላልሽው መልሴ ይሄ ነው። ልምድ አትጠየቂም። የምትጠየቂው ዋጋ ነው፣ እሱን በማስረጃ ከመለስሽ ስንት ቤት ሸጠሽ ታውቂያለሽ የሚል ሰው ብዙ አያጋጥምሽም።

ገዢ_ነኝ

እኔ ወኪል አይደለሁም፣ በቅርቡ ቤት የገዛሁ ሰው ነኝ። ከወዲያ ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

"ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚል ማስታወቂያ ሳይ እዘለው ነበር። ደብቀሽ የምታስደውዪኝ ከሆነ ገና ሳንተዋወቅ እየተጫወትሽብኝ ነው። ሌላው፣ የተሸጠ ቤት ማስታወቂያው ሳይወርድ ይቆያል። ትደውያለሽ፣ "እሱ እንኳ አሁን ሄደ፣ ግን ሌላ አለኝ" ትባያለሽ። ሆን ተብሎ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያሉትን ስልካቸውን አጠፋሁ።

የገዛሁት ከማን መሰለሽ? አንድ ቤት ውስጥ አስገብታኝ ጣራው ላይ አዲስ ቀለም የተቀባችውን ቦታ አሳይታ "ይሄ ለምን ለብቻው እንደተቀባ ሳንጠይቅ ወደ ዋጋ አንሄድም" ካለችኝ ልጅ ነው። ውሃ ያፈስ ነበር። ያንን ቤት አልገዛሁም፣ ኮሚሽንም አላገኘችም። ግን ከዚያ በኋላ ከሷ ሌላ ወኪል አልፈለግሁም።

አዲስ_ገቢ

ዋው፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። @ገዢ_ነኝ ቢሯችን "ዋጋ በውስጥ መስመር" በሉ ነው የሚለን 🙈 እኔ ግን ከነገ ጀምሮ ዋጋውን እጽፋለሁ።

እሺ፣ ዋጋ ጽፌ ሰው ሲደውል ምንድነው የምጠይቀው? "ስንት ነው" ብሎ የሚዘጋውን ሰው እንዴት ነው የምይዘው?

ሰገነት

መጀመሪያ የጠየቀሽን መልሺለት። ዋጋውን ንገሪው፣ አትጠማዘዢ። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ ጥያቄ አስከትዪ፦ "ለመኖሪያ ነው ለማከራየት?" ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ቶሎ አይዘጋም። ቀጥሎ መቼ ለመግባት እንዳሰበ። ቀጥሎ ገንዘቡ በእጅ ነው ወይስ በብድር። በብድር ከሆነ ባንኩን አናግሯል ወይስ ገና? ስንት እንደሚፈቀድለት ሳያውቅ ቤት የሚዞር ሰው የማይደርስበትን ቤት ይወድና ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ሁሉ ያስጠላዋል። መጀመሪያ ባንክ ይሂድ። ለመግዛት መጀመሪያ የራሱን ቤት መሸጥ ያለበትም አለ፣ ያ ደግሞ ላንቺ ሁለተኛ ስራ ነው።

እና ሁሌም የሚረሳው ጥያቄ፦ "ቤቱን አብሮህ የሚያይ፣ የሚወስን ሌላ ሰው አለ?" ባል ብቻውን ዞሮ ዞሮ መርጦ፣ ሚስት መጥታ በአንድ ዓይን እይታ ውድቅ ስታደርገው አይተናል። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ጥሪ።

ክትትል ላይ ደግሞ፣ ደብተርም ይሁን ስልክሽ ላይ፣ እያንዳንዱ ሰው ስሙ፣ የሚፈልገው፣ የመጨረሻ ያወራችሁት፣ ቀጥሎ የምትደውዪበት ቀን ይኑረው። ቀን የሌለው ስም የጠፋ ስም ነው። እና ስትደውዪ "እንዴት ነው፣ ወሰንክ?" ብለሽ አትደውዪ። የሆነ ነገር ይዘሽ ደውዪ። "ያን ቀን ያየነው ቤት በዚህን ያህል ተሸጠ" ማለት ራሱ ወሬ ነው፣ ሰውየው ስለ ገበያው አንድ ነገር አወቀ። ከብዙ ወር በኋላ የሚገዛ ሞልቷል። የሚገዛው ግን ያን ጊዜም እየደወለ ከነበረው ሰው ነው።

የድሮ_ደላላ

ልጆች ጥሩ ጥሩ ነገር ብላችኋል። እኔ እኛ "ደላላ" ስንባል ነው የጀመርነው፣ አሁን "ኤጀንት" ሆናችሁ ኮሚሽኑ ግን ያው ነው 😄

ልጄ፣ ገዢ ላይ ብቻ አትሩጪ። ገዢ ቅዳሜና እሁድሽን ይበላና ከሌላ ሰው ይገዛል። ሻጭ ያዢ። አንድ የሚሸጥ ቤት በእጅሽ ሲኖር ገዢው ራሱ ይደውላል፣ ያንን ቤት ባይወደው ሌላ ታሳዪዋለሽ። በር ላይ የተሰቀለው ስልክ ቁጥርሽም ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።

ግን ሻጭ ስትይዢ በወረቀት ይሁን። ኮሚሽኑ ስንት በመቶ ነው፣ ማን ነው የሚከፍለው፣ መቼ ነው የሚከፈለው፣ ውሉ እስከ መቼ ነው፣ ቤቱ ላንቺ ብቻ ነው የተሰጠው ወይስ ለሁሉም ወኪል። ለሁሉም የተሰጠ ቤት የማንም አይደለም፣ ማንም ገንዘቡን አውጥቶ አያስተዋውቀውም። አንቺ ያሳየሽው ገዢ ውሉ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ቢገዛስ? እሱም ይጻፍ።

ከማስታወቂያው በፊት ሰነድ። የባለቤትነት ማረጋገጫው በማን ስም ነው? ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ተስማምቷል? የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ አሉ? ዕዳና እገዳ እንዳለበት ከሚመለከተው መዝገብ ይጣራ፣ የሻጩ ቃል አይበቃም። በውክልና ነው የሚሸጠው ከተባለ ውክልናውን ከሰጠው መስሪያ ቤት አረጋግጪ፦ የመሸጥ ስልጣን ይሰጣል? አልተሻረም? ወካዩ በሕይወት አሉ? ወካይ ሲሞት ውክልና በአብዛኛው አብሮ ይሞታል። ይሄን ሳያጣሩ ገዢ መጥራት በሰው ገንዘብ መቀለድ ነው።

ቀብድ በኪስሽ አይለፍ። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን። ሕጉና ቢሮሽ ባዘዙት መንገድ ይለፍ፣ ደረሰኝ ይኑረው። የሂሳብ ቁጥር በመልእክት "ተቀይሯል" ቢባልም ገዢው በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጥ አያስገባ። በዚህ የሚበሉ አጭበርባሪዎች በየአገሩ አሉ።

ውጭ_ያለሁ

ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር፣ የአገሩን ሕግ ማንበብ ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወኪል ለብቻው አይሰራም፣ ፈቃድ ባለው ብሮከር (ወኪሎቹን በሚቆጣጠር ደላላ) ስር ነው የሚገባው። ከኦገስት 2024 ወዲህ ደግሞ ወኪሎች የሚሸጡ ቤቶችን እርስ በርስ በሚያጋሩበት የጋራ መዘርዝር (MLS) የሚሰሩ ወኪሎች ገዢውን ቤት ከማስጎብኘታቸው በፊት ክፍያቸውን የሚገልጽ ውል በጽሁፍ ማስፈረም አለባቸው። እንግሊዝ ደግሞ ለመጀመር ፈቃድ አይጠየቅም፣ ግን ደንበኛ ቅሬታ የሚያቀርብበት እውቅና ያለው ተቋም አባል መሆን ግዴታ ነው። አንዱ አገር ላይ የሰራ ሰው ቪዲዮ አይተሽ እንደወረደ አትቅጂ።

አዲስ_ገቢ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ያሉትን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ።

አሁን አንድ ነገር መጣ። ከደወልኩላቸው ሰዎች አንዷ ጎረቤቷ ቤት ሊሸጡ ነው ብላ አገናኘችኝ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቤቱ ንጹህ ነው፣ ሰነዱም በስማቸው ነው። ችግሩ ዋጋው። እኔ አካባቢው ላይ ከመዘገብኳቸው ተመሳሳይ ቤቶች ሩብ ያህል ከፍ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ሌላ ወኪል መጥቶ "በዚህ ዋጋ እሸጥልዎታለሁ" ብሏቸዋል። እኔ ዝቅ ያለ ብነግራቸው ለሱ ይሰጡታል። ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ቤቴ ነው፣ ላጣው አልፈልግም።

ተጠራጣሪ

ውሰጂዋ! ምን ትጠብቂያለሽ? ስልክ ቁጥርሽ ግድግዳ ላይ ይውጣ፣ ደዋይ ይምጣ፣ ዋጋው በኋላ ይወርዳል።

የሰፈር_ካርታ

አትውሰጂ፣ ቢያንስ እንደዚህ አትውሰጂ።

አንድ ቤት ገበያ ላይ ሲወጣ አብዛኛው ትኩረት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ነው። ለምን? ምክንያቱም በዚያ ሰዓት እየፈለጉ ያሉት ሁሉ አዲስ ነገር ስለሆነ ያዩታል። ከዚያ በኋላ የሚያየው አዲስ ፈላጊ ብቻ ነው። በተወደደ ዋጋ ስታወጪው ያንን የመጀመሪያ ማዕበል አባከንሽው። በዚያ ላይ ሰው የሚፈልገው "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ በዋጋ ለይቶ ነው፣ ስለዚህ ትክክለኛው ገዢ ቤቱን ጭራሽ አያየውም። የሚያየው ከዚያ በላይ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ገንዘብ የተሻለ ቤት ስላለ ያንን ይገዛል። በአጭሩ የሳቸው ቤት የጎረቤታቸውን ቤት መሸጫ ሆነ።

ወራት ሲያልፉ ጥያቄው ይቀየራል። "ስንት ነው" መባሉ ይቀርና "ምን ሆኖ ነው እስካሁን ያልተሸጠ?" ይሆናል። ገዢ ቢገኝ እንኳ በብድር ከሆነ ባንኩ ዝቅ አድርጎ ይገምተዋል፣ ብድሩ አይሞላም።

ተጠራጣሪ

ቆይ ቆይ። እናንተ ወኪሎች ሁሌም "ዋጋ ቀንሱ" ነው የምትሉት። ለምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ቶሎ ተሸጦ ኮሚሽናችሁን ልትወስዱ ነው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሌቪት እና ሲቨርሰን የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ወኪሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኛ ቤት ይልቅ 10 ቀን ገደማ አስቆይተው፣ 3.7 በመቶ ያህል አስበልጠው ነው የሚሸጡት። ለራሳቸው ሲሆን ይታገሳሉ፣ ለኛ ሲሆን "ይበቃል ይሽጡ"።

ሂሳብ_ሰሪ

@ተጠራጣሪ ያነሳኸው ትክክል ነው፣ ሂሳቡም ቀላል ነው። ኮሚሽን 3 በመቶ ነው እንበል፣ ግማሹ ለቢሮ። የቤቱ ዋጋ በ100 ሺህ ቢጨምር ሻጩ ወደ 97 ሺህ ያገኛሉ፣ ወኪሉ 1,500 ያገኛል። ለ1,500 ብሎ ሌላ ወር የሚለፋ ማን ነው? ስለዚህ ገዢ ሲመጣ "ይህን እንዳያመልጥዎት" ማለት ይቀናዋል።

ግን ጥናቱ የሚለው ወደ 4 በመቶ ነው። @አዲስ_ገቢ ያነሳችው 25 በመቶ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው። ትንሽ ታግሶ ትንሽ መጨመርና ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ጠርቶ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሰፈር_ካርታ

እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ጥርጣሬው የተገባ ነው። ሻጯም ልባቸው ውስጥ ይሄንኑ እያሰቡ ይሆናል። ስለዚህ @አዲስ_ገቢ፣ "እመኑኝ" አትበያቸው፣ ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪላቸው። በቅርብ ወራት የተሸጡ ሦስት አራት ተመሳሳይ ቤቶች፣ ስፋታቸው የሚቀራረብ፣ አካባቢያቸው አንድ የሆነ። አንዱ መኪና ማቆሚያ ካለውና የሳቸው ከሌለው ልዩነቱን አስልተሽ አሳዪ። የሳቸው ወጥ ቤት አዲስ ከሆነ እሱንም ጨምሪ፣ ለሳቸው የሚጠቅመውን ስትደምሪ ሲያዩ የምትቀንሺውን ያምኑሻል። ያልተሸጡትንም አምጪ፣ እንዲያውም ከሁሉም የሚያሳምነው እሱ ነው። አሁን ለሽያጭ ወደቀረቡ ሁለት ቤቶችም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ለአንድ ቀን ገዢ ይሁኑ።

እና ጠይቂያቸው፦ ቤቱ ሲሸጥ ወዴት ነው የሚሄዱት? እስከ መቼ? ዋጋ ብቻ የሚመስለው ነገር ከኋላው ሌላ ምክንያት አለው።

የድሮ_ደላላ

ልጄ፣ መሃል መንገድም አለ። ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይጀመር፣ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፦ በ3 ሳምንት ውስጥ በጽሁፍ ዋጋ ያቀረበ ካልመጣ ወደዚህ ይወርዳል፣ ቁጥሩም ይጠቀስ። ከፈረሙ ተቀበዪ። እምቢ ካሉ በሰላም ተሰናብተሽ ውጪ፣ ስልክሽን ትተሽላቸው። ከአንድ ወር በኋላ ደውለሽ ደህንነታቸውን ጠይቂ። በትልቅ ዋጋ ቃል የገባው ሰውዬ ያን ጊዜ ስልክ ማንሳት አቁሞ ይሆናል።

ፎቶ_አንሺ

ቤቱን ከወሰድሽ ፎቶውን አደራ። ሽንት ቤት ክዳኑ ተከፍቶ የተነሳ ማስታወቂያ በየቀኑ አያለሁ፣ በፈጠራችሁ! መጋረጃ ክፈቺ፣ መብራት አብሪ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዕቃ አንሺ፣ የቤተሰብ ፎቶዎችና ሰነዶች ከእይታ ይውጡ። ስልክሽን አግድም ይዘሽ ደረትሽ አካባቢ፣ ከክፍሉ ጥግ። ክፍሉን በጣም የሚለጥጥ ሌንስ ተዪ፣ ሰውየው ሲመጣ "ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። ልኬት ያለው የክፍሎች ንድፍ ጨምሪበት፣ አልጋዬ ይገባል አይገባም ብሎ የሚመጣውን ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲወስን ያደርገዋል።

አዲስ_ገቢ

ተመልሻለሁ! ይቅርታ ቆየሁ።

ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ቅር አላቸው። ከዚያ ሁለት ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን አብረን አየን። አንዱ ከሳቸው ይሰፋል፣ ዋጋው ግን እሳቸው ከሚጠይቁት ያንሳል። ቆመው ሲያስቡ ምንም አልተናገርኩም። በመኪና ስንመለስ "ያ ሌላው ልጅ ይሄን ለምን አላሳየኝም?" አሉኝ። ፈረሙ! ከግምቴ ትንሽ ከፍ ብለን፣ ጋሼ እንዳሉት የመከለሻ ቀኑንና ዋጋውን ጽፈን። ኮሚሽኑን በግማሽ ቀንሺልኝ ብለውኝም ነበር፣ "ቀጥሎ የሚገዙትን ቤት በኔ በኩል ከገዙ እናወራለን" ብዬ አለፍኩት።

ሂሳብ_ሰሪ

ጎበዝ! ከ3 በመቶ ወደ 1.5 ብትወርጂ ከቢሮ ጋር ተካፍለሽ የሚቀርሽ 0.75 ነው፣ ማስታወቂያውንም አይሸፍንም። የራሷን ገንዘብ በአንድ ጥያቄ የምትለቅ ልጅ የሳቸውን እንዴት አድርጋ ልትከራከርላቸው ነው?

አዲስ_ገቢ

😂 እሺ አሁን ሌላ ጥያቄ። ቤቱ ወጥቷል፣ ሰዎች እየመጡ ነው። ሦስት ሰው የምር የሚፈልግ ይመስለኛል። አንዱ ትናንት ለብቻዬ ጠጋ ብሎ "እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፣ የመጨረሻው ስንት ነው? ቶሎ እንጨርስ" አለኝ። እሳቸው ለኔ የነገሩኝ ዝቅተኛ ዋጋ አለ። ዝም አልኩት። ምን ማለት ነበረብኝ?

ሰገነት

ዝም ማለትሽ ትክክል ነው። ያ ዋጋ የሳቸው ምስጢር ነው፣ አንቺ የምትሰሪው ለሳቸው ነው። በጨዋነት "እኔ የሻጯ ወኪል ነኝ፣ የሚያዋጣህን በጽሁፍ አምጣልኝ፣ ዛሬውኑ አደርስልሃለሁ" በዪው። ያመጣውን ዋጋ ደግሞ ትንሽ ነው ብለሽ ራስሽ እንዳትጥዪው፣ የመጣው ሁሉ ለሻጯ ይቅረብ፣ ወሳኟ እሳቸው ናቸው።

ዋጋ ብቻም አትዪ። አንዱ ከፍ አድርጎ በብድር፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ አድርጎ በእጅ ገንዘብ ቢያመጣ የትኛው ይሻላል? ብድሩ ተፈቅዷል ወይስ ተስፋ ነው? መቼ ነው የሚጨርሰው? እሳቸው ቤቱን ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ይፈልጋሉ? ይሄን ጎን ለጎን አድርገሽ በአንድ ገጽ ጻፊላቸው። @ተጠራጣሪ የፈራው "ይበቃል ይሽጡ" የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አንቺ አትወስኚላቸው።

ተጠራጣሪ

ተነካሁ 😄 ግን አዎ፣ እንደዚህ የሚሰራ ከሆነ እኔም ቤቴን እሰጣታለሁ።

አዲስ_ገቢ

@ተጠራጣሪ ስንት በመቶ? 😂

ያው ሰውዬ ነገ ዋጋውን በጽሁፍ ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ሁለቱን ሌሎች ምን ልበላቸው? ልጠብቅ ወይስ ልደውል?

የድሮ_ደላላ

ዛሬ ማታ መጀመሪያ ለእትዬ ደውዪና አስፈቅጂ። ከፈቀዱ ለሁለቱም "ነገ በጽሁፍ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው አለ፣ ሃሳብ ካላችሁ እስከዚህ ሰዓት አምጡ" በያቸው። ሰውየው የሚያቀርበውን ዋጋ አትንገሪያቸው። የሌለ ገዢም አትፍጠሪ፣ ይታወቃል። ሲመጣ ደግሞ መታወቂያውን አይተሽ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሆነ የባንክ ማስረጃ ጠይቂ፣ የምትፈራረሙበትን ወረቀት ቢሮሽ ያለው የሕግ ሰው ቀድሞ ይየው። የቤቱን ዋና ሰነድ ግን ይዘሽ አትዙሪ፣ ለሚጠይቅሽ ኮፒ ብቻ ስጪ።